መጋዘን አይደሉም፣ ቤቶች ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሰሜን ዌልስ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነው፤ የምኖርባትን የቤቴስዳን ስም በአማርኛ ታትሞ አይቼ አላውቅምና። ሁለተኛው ግን ተናድጄ ነው። ጸሐፊው ስለ ፔንሪን ግንብ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈዋል፤ ስለ ትንሿ ባቡርም እንደዚያው። ከገጹ ግርጌ ደግሞ አንድ ፎቶግራፍ አለ፦ በዝናብ የረጠቡ ጣሪያዎች፣ እርስ በርስ የተያያዙ ግድግዳዎች፣ በአንድ መስመር የተሰለፉ ዘጠኝ በሮች። ከሥሩ የተጻፈው «የድሮ የድንጋይ መጋዘኖች» ይላል።

መጋዘኖች አይደሉም። ቤቶች ናቸው። ከግራ በኩል አራተኛውን በር በሳምንት አራት ቀን ከፍቼ የምገባ እኔ ነኝ።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ጠዋት ከአልጋ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ ማታ ተመልሼ አስተኛለሁ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ በከተማዋ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች ጓዳቸውን ያላየሁላቸው ጥቂቶች ናቸው። የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ ቤቶቹ ለመናገር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አይቶ ከሄደ ጎብኚ እኔ እቀርባለሁ።

አስቀድሜ ስለ ድንጋዩ ጥቂት ልበል። እንግሊዞቹ «ስሌት» ይሉታል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሒሳብ ስሌት ይመስላል፤ ሌላ የተለመደ ስም ስለማላውቅለት አንባቢ ይታገሠኝ። ጸሐፊው «ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ» ብለው አልፈውታል። ጠፍጣፋስ ሆኖ አልተፈጠረም። ከድንጋይ ካባው ሲወጣ እንደማንኛውም ቋጥኝ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው ሆዱ ውስጥ ያለው ድርድር ነው። በሰፊ ቀጭን መሮ ጠርዙን ይዘው በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ይገለጣል። ቀለሙም እንደ ሰፈሩ ነው፤ የቤቴስዳው ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ የሌላዋ የካባ ከተማ የብላይናይ ፌስቲኒዮጉ ሰማያዊ የነካካው ግራጫ ነው። ዝናብ ሲመታው ሁሉም ይጠቁራል። እዚህ ደግሞ ዝናብ የሌለበትን ቀን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ስለዚህ በቀለሙ ጸሐፊውን አልፈርድባቸውም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፋብሪካ ከተሞች እንደ አሸን ሲፈሉ ጣሪያ የሆናቸው ይህ ድንጋይ ነው። ሥራው ጫፍ በደረሰበት በ1898 (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዌልስ 17,000 ያህል ሰዎች ግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ያመርቱ ነበር። ለገበያ የሚሆን አንድ ቶን ለማግኘት አሥር ቶንና ከዚያም በላይ ይጣላል። በፎቶግራፋችሁ ላይ ከቤቶቹ ጀርባ የሚታየው ግራጫ ተራራ ያ ውዳቂ ነው እንጂ ተራራ አይደለም። በ1951 የስኖውዶንያ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ለዓይን አትስብም ተብላ ዙሪያዋ በሙሉ ፓርክ ሲሆን እርሷ ብቻ መሃል ላይ እንደ ጨርቅ ቀዳዳ ቀርታለች። ሰባ ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2021፣ ያንኑ ውዳቂ ክምር ጨምሮ ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ምዝገባው በስድስት ቦታዎች የተከፋፈለ ሲሆን ካባዎቹን፣ የባቡር መስመሮቹን፣ ወደቦቹንና የሠራተኞቹን ሰፈሮች ያጠቃልላል። ጸሐፊያችሁ የመጨረሻዋን ዘልለዋታል።

አሁን ወደ አራተኛው በር እንግባ። በውስጡ ያሉትን አዛውንት ስም የመጻፍ መብት የለኝም። በልቤ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

የበሩ ደፍ አንድ ወጥ የስሌት ድንጋይ ነው። በእግር ብዛት መሃሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤ ሲዘንብ ውኃ ይቋጥራል፣ እኔም ያችን ኩሬ ዘልዬ ነው የምገባው። በሩ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ መንገዱ ነው። ታች ሁለት ክፍል፣ ላይ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ክንድ የሚሞላ ውፍረት ያለው። በዕድሜ የሚበልጡት ቤቶች ፎቅም የላቸውም፤ የመኝታ ጓዳው ላይ ግማሽ ጣሪያ ያህል እንደ ቆጥ ተሠርቶ ልጆቹ በመሰላል ወጥተው እዚያ ይተኙ ነበር። የጋሼ ጓዳ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ሰፊ የስሌት ገበታ አለ፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ቅቤና ወተት የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነበር። በሐምሌ ሙቀት እንኳ መዳፌን ሳሳርፍበት ይበርደኛል። የምድጃው ዙሪያ ስሌት ነው። የጓሮው አጥር ስሌት ነው፤ ሳንቃ ሳንቃ ተደርጎ፣ መሬት ተተክሎ፣ አናቱ ላይ በሽቦ የተጠላለፈ። ሽንት ቤቱ ድሮ ከጓሮው ጫፍ ነበር። በዌልሽ ቋንቋ ሽንት ቤት «ቲ ባኽ» ይባላል፤ ትንሹ ቤት ማለት ነው። ቤቱ ራሱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከእርሱ የሚያንስ ሌላ ቤት መኖሩ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር።

የጋራው ግድግዳ ግን አያስቅም። በአምስተኛው በር ያሉት እናት በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳውን ሦስቴ ይመታሉ። ጋሼ በምርኩዛቸው ሦስቴ ይመልሳሉ። መልስ ከጠፋ ሴትዮዋ ነጠላ ጫማቸውን እንደተጫሙ ይመጣሉ። እኔ በምሠራበት ድርጅት ለዚህ አገልግሎት በአንገት የሚንጠለጠል፣ በወር የሚከፈልበት የማስጠንቀቂያ ቁልፍ አለ። ጋሼ ከአልጋው ራስጌ ሰቅለውታል፤ አንድም ቀን ተጭነውት አያውቁም።

ለገበያ የሚቆረጠው የጣሪያ ድንጋይ በመጠኑ ስም ይሰጠው ነበር። 24 በ12 ኢንች የሆነው ዱቼስ፣ 20 በ10 የሆነው ካውንቴስ፣ 16 በ8 የሆነው ሌዲ ይባላል፤ ሁሉም የመኳንንት ሴቶች ማዕረግ ነው። ጋሼ በ15 ዓመታቸው ዲኖርዊግ ካባ ገብተው ቀኑን ሙሉ ዱቼስ ጭናቸው ላይ አስደግፈው ሲሰነጥቁ እንደዋሉ ሲያወሩ ዓይናቸው ይስቃል። ያኔ ሥራው በቁርጥ ነው። አራት ያህል ሰዎች አንድ ላይ ሆነው በየወሩ ከካቦው ጋር ስለ አንዲት የአለት ገጽታ ይዋዋላሉ፤ አለቱ ጥሩ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ መጥፎ ከሆነ ይጨመራል፣ ካቦው ቂም ካለበት ደግሞ የፈለገውን ያደርጋል። ባሩዱንና ገመዱን የሚገዙት፣ መሮውን የሚያስሉት ከዚያችው ገቢ ነው።

ባለፈው ክረምት ነፋስ ከጣሪያቸው አንድ ድንጋይ አወረደ። ጣሪያ ሠሪው መጥቶ ሲያየው ድንጋዩ ደህና ነው፤ ዝጎ የተበጠሰው ምስማሩ ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ መቶ ዓመት ቆይቶ ቀድሞ የሚሄደው ምስማሩ ነው። ጋሼ ድንጋዩን አምጪልኝ አሉኝ። አልጋው ላይ ተቀምጠው በሁለት ጣታቸው ጠርዙን አንጠልጥለው ይዘው በሌላው እጃቸው አንጓ መቱት። እንደ ደወል ጮኸ። ከዚያ እኔን አስያዙኝና አስመቱኝ። ሸክላ ስትገዛ የምታንኳኳ ሴት ወዲያው ይገባታል፤ የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈን ነበር። ለጣሪያ ሠሪው ያው ድንጋይ ወደ ቦታው እንዲመለስ በእኔ በኩል ትእዛዝ ተላለፈለት፤ መለሰውም።

ቤቶቹን የሠራቸው ማን ነው? አንዳንዱን የካባው ባለቤቶች ሠርተውታል። ብዙውን ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ ከባለርስቱ መሬት በሊዝ እየወሰዱ፣ ከካባ ሲመለሱ ባለችው ብርሃን የገነቡት ነው። የሊዙ ዘመን ሲያልቅ ቤቱ ከነመሬቱ ለባለርስቱ ይመለሳል። አባት የሠራውን ቤት ልጅ ተከራይ ሆኖ ይኖርበታል ማለት ነው። የቤቴስዳ ዋና መንገድ ላይ ቆሞ ያስተዋለ ሰው መጠጥ ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን መሆናቸው ይገርመዋል፤ ሌላው ወገን የግንቡ ባለቤቶች የፔንሪን ቤተሰብ ርስት ስለነበር ነው፣ እዚያ መጠጥ ቤት አይፈቀድም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ1820 ከተሠራው ጸሎት ቤት ነው። ቤቴስዳ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የምትባለው፣ ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመ ሰው ተኝቶባት የነበረችው መጠመቂያ ናት። በእነዚሁ ተራሮች ላይ ቀርሜሎስ አለ፣ ናባው አለ፣ ናዝሬት አለ፣ ቤቴል አለ፤ ሁሉም በጸሎት ቤት ዙሪያ የበቀሉ የካባ ሠራተኞች መንደሮች። የመጣሁ ሰሞን የአውቶቡስ ሰሌዳ ሳነብ መጽሐፍ ቅዱስ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

ግንቡን በተመለከተ ጸሐፊው ውበቱን ገልጸዋል፤ ውብ ነው፣ አልክድም። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተዘጋጀውን አንድ ቶን የሚመዝን የስሌት አልጋም አንሥተዋል። ያላነሡት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው። ካባውን ያስፋፋው ሪቻርድ ፔናንት፣ የመጀመሪያው ባሮን ፔንሪን፣ በጃማይካ የሸንኮራ እርሻና በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩት፤ በእንግሊዝ ፓርላማም የባሪያ ንግድ እንዳይቀር ተሟግቷል። የስኳሩ ገንዘብ ካባ ሆነ፣ የካባው ገንዘብ ግንብ ሆነ።

ከዚያ ቤተሰብ ጋር ነው የቤቴስዳ ሰዎች የተጣሉት። ኅዳር 22 ቀን 1900፣ 2,800 ያህል ሠራተኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከፔንሪን ካባ ወጡ። የጠየቁት ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸውና ያ የካቦ ውል እንዲስተካከል ነው። ሎርድ ፔንሪን አልሰማም አለ። ነገሩ ሦስት ዓመት ቆየ፤ በብሪታንያ ታሪክ ረጅም ከሚባሉት የሥራ ማቆም አድማዎች አንዱ ነው። የከተማዋ መዘምራን ለአድማው መዋጮ ለመሰብሰብ በእንግሊዝ ከተሞች እየዞሩ ዘመሩ። ብዙ ወንዶች ወደ ደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ተሰደዱ። በሰኔ 1901 ካባው እንደገና ሲከፈት ጥቂት መቶ ሰዎች ተመለሱ፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የወርቅ ፓውንድ ተሰጣቸው።

በዚያው ሰሞን ነው በእነዚህ ትናንሽ መስኮቶች ላይ የታተመ ካርቶን የታየው። «ኒድ ኦይስ ብራድዉር ኧን ኧ ቲ ህዉን» ይላል፤ በዚህ ቤት ውስጥ ከዳተኛ የለም። «ከዳተኛ» መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠኝ ነው። እኔ ግን «ባንዳ» ብዬ ነው የምተረጉመው፤ አማርኛ ተናጋሪ የቃሉን ክብደት የሚያውቀው በዚያ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቶቹ ተያይዘዋል፣ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል፣ ካርቶኑ ደግሞ በሦስተኛው መስኮት አለ፣ በአራተኛው አለ፣ በአምስተኛው የለም። ካርቶኑን ያወረደ ሰው ምንም መናገር አያስፈልገውም። ሎርዱ ወደ ሥራ ለተመለሱለት ሰዎች ትሬጋርት በምትባል መንደር ቤት ሠራላቸው። ደህና ቤቶች ናቸው፣ በአንዱ ለሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሕዝቡ ግን ያንን መንገድ «የጭራ መንገድ» ብሎ ሰየመው፤ በዌልሽ ከጌታው ኋላ ኋላ የሚል ሰው ጭራ ይባላል። አሁንም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዘንድ ያ ስም አለ። አንዲት የምንከባከባቸው እናት የሟች ባላቸው አያት የት መንገድ እንደነበሩ ስጠይቃቸው ሻይ ልጨምርልሽ ወይ ብለው ወሬ ቀየሩ።

አድማው በኅዳር 1903 በሠራተኞቹ ሽንፈት አለቀ። ከ120 ዓመት በኋላ ሻዩ ይጨመራል።

ጸሐፊያችሁ ሙዚየም ሳይገቡ የተመለሱ ይመስለኛል፤ ቢገቡ ኖሮ መጋዘን አይሉም ነበር። በላንቤሪስ የዲኖርዊግ ካባ ወርክሾፕ በነበረው ሕንጻ ውስጥ ብሔራዊ የስሌት ሙዚየም አለ። በግቢው አራት የሠራተኛ ቤቶች ተሰልፈዋል። ቤቶቹ እዚያ የተሠሩ አይደሉም። ታናግሪሻይ በምትባል መንደር «ቭሮን ሃይል» የሚባል ረድፍ ነበሩ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ተረተር ማለት ነው። ሊፈርሱ ሲሉ በ1990ዎቹ መጨረሻ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅለው፣ ተጓጉዘው፣ እዚያ እንደገና ተተክለዋል። በሦስቱ ውስጥ ሦስት ዘመን ይታያል፦ አንዱ በ1861፣ ሥራው በደራበት ጊዜ፤ ሁለተኛው በ1901 ቤቴስዳ፣ ካርቶኑ መስኮቱ ላይ ሆኖ፤ ሦስተኛው በ1969 ላንቤሪስ።

1969 ለጋሼ ዓመተ ምሕረት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1 ቀን የአሁኑ ንጉሥ ቻርልስ በካርናርቮን ግንብ፣ ከስሌት በተሠራ መድረክ ላይ፣ የዌልስ ልዑልነት ዘውድ ተጫነለት። በነሐሴ ዲኖርዊግ ካባ ተዘጋ። 350 ያህል ሰዎች ሥራ አጡ፤ ጋሼ አንዱ ነበሩ።

ሙዚየሙ በ2024 መጨረሻ ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት በተሽከርካሪ ወንበር ወሰድኳቸው። የ1861ዱን ዝም ብለው አዩ። የ1901ዱ መስኮት ሥር ባርኔጣቸውን አወለቁ። የ1969ኙ ቤት በር ላይ ስንደርስ ግን እጃቸውን ዘርግተው መደርደሪያው ላይ ጣታቸውን አሳለፉ፣ ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱትና ልክ አይደለም አሉኝ። ምኑ ነው ልክ ያልሆነው ብላቸው፣ አቧራ የለውም አሉ።

ያ አቧራ አሁን በደረታቸው ውስጥ ነው። ስሌት በመጋዝ ሲቆረጥና ሲሰነጠቅ የሚነሣው ብናኝ ሳምባ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል። የካባ ባለቤቶች የቀጠሯቸው ሐኪሞች በዘመኑ ጥፋቱን በሠራተኞቹ ሻይ ላይ ያላክኩ ነበር፤ ምድጃ ላይ ውሎ የሚጠቁር ሻይ ትጠጣላችሁ ይሏቸዋል። ካሣ የሚከፍል ሕግ የወጣው በ1979 ነው፤ የሚከሱት አሠሪ ካባው ተዘግቶ ለጠፋባቸው ሰዎች መንግሥት እንዲከፍል የደነገገ ሕግ። እስከዚያ ስንቱ ሄዷል። ድሮ ለእሑድ እንግዳና ለሬሳ ሣጥን ብቻ የምትከፈተው የፊት ክፍል ውስጥ ዛሬ የጋሼ የኦክስጅን ማሽን ያጉረመርማል።

ደግሞ ቤት እንኳ ያልነበራቸው እንዳሉ ልጨምር። ከአንግልሲ ደሴት የሚመጡት ሰኞ ሌሊት ተነሥተው ወደ ዲኖርዊግ ይጓዙና እስከ ቅዳሜ ካባው አናት ላይ ባለው ማደሪያ ይቆያሉ። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ረድፎች፣ ሃያ ሁለት ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ አራት ሰው፤ መብራት የለ፣ የቧንቧ ውኃ የለ። የጤና ተቆጣጣሪ አይቶ ለሰው አይሆንም ብሎ ያዘጋው በ1948 ነው። ዛሬ ጣሪያ አልባ ፍርስራሽ ነው። መጋዘን የሚለው ቃል ለአንዱ ይሰጥ ከተባለ ለዚያ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ድሮው ብቻ ብዬ አይደለም። በፎቶግራፋችሁ ላይ ከሦስት በሮች ጎን ትንሽ ጥቁር ሣጥን ትታያለች። በቁጥር የምትከፈት የቁልፍ ማስቀመጫ ናት። እንዲህ ያለች ሣጥን በዚህ አገር ሁለት ትርጉም አላት። ወይ ውስጥ ያለው ሰው ተነሥቶ በር መክፈት አይችልም፣ እንደ እኔ ያለ ተንከባካቢ በቁጥር ከፍቶ ይገባል፤ ወይም ውስጥ የሚኖር ሰው የለም፣ ቤቱ ለእረፍት ለሚመጣ እንግዳ በሌሊት የሚከራይ ነው። አንደኛዋ ሣጥን የጋሼ ናት። ሁለቱ የእንግዳ ናቸው። አንድ ቀን ጨለማ ላይ ተሳስቼ የእንግዳውን ሣጥን ስነካካ ጋሼ በግድግዳው በኩል ሰምተው በምርኩዛቸው ደበደቡልኝ።

ቤቴስዳ ያለችበት የጉዊኔዝ አውራጃ ምክር ቤት ሁለተኛ ቤት ባላቸው ሰዎች ላይ ከ2023 ጀምሮ ከመደበኛው የቤት ግብር 150 በመቶ ጭማሪ ያስከፍላል። ልክ ነው እላለሁ። ባለ እረፍት ቤቶቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ለማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም ግድግዳውን በኖራ አስተካክለው የእንጨት መስኮት የሚያስገቡት እነርሱ ናቸው። ነዋሪው የፕላስቲክ መስኮት ነው የሚያስገባው፤ የቅርስ ሰዎች ያዝናሉ። እኔ አላዝንም። ደረቱ የታመመን ሰው በጥር ወር በእንጨት መስኮት አጠገብ ያጠበ ሰው አያዝንም። ቤቱን በፕላስቲክ መስኮት የሚኖርበት ሰውና በእንጨት መስኮት የሚዘጋው ሰው ቢመጡ፣ እኔ ምርጫዬ የታወቀ ነው። በጉዊኔዝ ከመቶ 64 ሰው ዌልሽ ይናገራል፤ ያ ቋንቋ የሚነገረው በእነዚህ ግድግዳዎች በኩል ነው። በአምስተኛው በር ያሉት እናት ግድግዳውን የሚመቱት መልስ የሚሰጥ ሲኖር ነው፤ በዘጠኝ በር ረድፍ ውስጥ ስንት ሣጥን ሲገባ ነው መልስ የሚጠፋው?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ከፎቶግራፉ ሥር የነበረውን መስመር አርሙልኝ። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦ «በቤቴስዳ፣ ሰሜን ዌልስ፣ ለስሌት ካባ ሠራተኞች የተሠሩና ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች»።

ለአራሚያችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፎቶግራፉን አጉልቶ ካየ ሊጠራጠር ስለሚችል። በአራተኛው መስኮት ውስጥ ነጭ አራት ማዕዘን ነገር ይታያል። ካርቶኑ አይደለም። ሥዕሉ የተነሣው ጠዋት ላይ መሆን አለበት፤ ጋሼን ካጠብኳቸው በኋላ ያሰጣሁት ፎጣ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሆንኩ እህታችሁ
ቤቴስዳ፣ ሰሜን ዌልስ